የእድሩ ድስት ወይስ የየቤቱ ድስት? በሊኑክስ ፓኬጆች ክርክር ላይ ያለን አስተያየት

ሊኑክስን መጠቀም የጀመረ ተማሪ ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚያውቀው አንድ ገጠመኝ አለ። ከጓደኛው ዘንድ አንድ ፕሮግራም በፍላሽ ዲስክ ገልብጦ ያመጣል። ሊጭነው ሲሞክር ኮምፒዩተሩ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ሌላ ፋይል እንደጎደለ ይነግረዋል። ተመልሶ የጎደለውን ያመጣል፤ ያ ደግሞ በተራው ሌላ ሁለት ይጠይቃል። በሦስተኛው ምልልስ ላይ ተማሪው ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ደግሞ «ለምን ሁሉን ነገር በአንድ ፋይል ጠቅልለው አይሰጡንም?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው የጀማሪ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሊኑክስ ዓለም ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከርበት የኖረ ጥያቄ ነው። «ዴብ ይሻላል ወይስ አርፒኤም?» የሚለው የቆየ ሙግት ዛሬ ረገብ ብሎ «ስናፕ፣ ፍላትፓክ ወይስ አፕኢሜጅ?» በሚለው ተተክቷል። ተከራካሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍጥነትና ስለ ፋይል መጠን ይናገራሉ። በእኛ አስተያየት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ በፕሮግራሙ ደራሲና በተጠቃሚው መካከል ቆሞ ኃላፊነት የሚወስደው ማን ነው የሚለው ነው። በተለይ የኢንተርኔት መስመሩ ቀጭን በሆነበት አገር ለሚኖር ተጠቃሚ ይህ ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ፓኬጅ ምን እንደሆነ እንመልከት። አንድ የዴብ ፋይል ቢከፈት በውስጡ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የቅርጹን ቁጥር ብቻ የያዘ ትንሽ ፋይል ነው። ሁለተኛው የፕሮግራሙን ስም፣ የእትሙን ቁጥር፣ ፓኬጁን የሚጠብቀውን ሰው ስም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ያለ እነርሱ የማይሠራባቸውን የሌሎች ፓኬጆች ዝርዝር የያዘ ነው። ሦስተኛው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። የአርፒኤም ፋይልም አሠራሩ ቢለይም የሚይዘው ይህንኑ ነው።

ዝርዝሩ ለምን አስፈለገ? ሥዕል መክፈት፣ ፋይል ማመቅ፣ በኢንተርኔት ላይ ምስጢር ጠብቆ መነጋገር ብዙ ፕሮግራሞች የሚያስፈልጓቸው ሥራዎች ናቸው። እያንዳንዱን ሥራ የሚያከናውነው ኮድ «ላይብረሪ» ተብሎ አንድ ጊዜ ይጫንና ሁሉም በጋራ ይገለገሉበታል። ነገሩ ከእድር ጋር ይመሳሰላል። አንድ ቤተሰብ ለኀዘንም ሆነ ለድግስ የሚሆን ድንኳን፣ ትልልቅ ድስትና አግዳሚ ወንበር ለራሱ ገዝቶ አያስቀምጥም፤ ከእድሩ ይወስዳል። ቦታና ገንዘብ ይቆጠባል፤ ድንኳኑ ቢቀደድም አንድ ጊዜ ይሰፋና ለሁሉም ይሆናል። ችግር የሚመጣው ሁለት ቤቶች በአንድ ቀን ልዩ ልዩ ስፋት ያለው ድንኳን የፈለጉ እንደሆነ ነው። በኮምፒዩተሩም አንዱ ፕሮግራም የላይብረሪውን የቆየ እትም፣ ሌላው አዲሱን ሲፈልግ የሚፈጠረው ይኸው ነው።

በ1993 የወጣው ስላክዌር ፕሮግራሞችን ያቀርብ የነበረው በተራ የታመቀ ፋይል ሲሆን የጎደለውን ፈልጎ ማግኘት የተጠቃሚው ፋንታ ነበር። በዚያው ዓመት ኢያን መርዶክ የመሠረተው ዴቢያን የዴብን ቅርጽ፣ ሬድ ሃት ደግሞ በ1995 የአርፒኤምን ቅርጽ ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሁለቱ ደጋፊዎች ያላነሡት መከራከሪያ አልነበረም። ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ የተባለው የጋራ መስፈርት ሊያስታርቃቸው አስቦ አርፒኤምን መረጠ። ዴቢያኖች አርፒኤምን ወደ ዴብ በሚቀይር «ኤሊየን» በተባለ መሣሪያ አማካይነት መስፈርቱን ለማሟላት ሞከሩ፤ በ2015 ግን ድጋፋቸውን በአብዛኛው ትተውታል።

ያ ክርክር፣ አሁን መለስ ብለን ስናየው፣ ፍሬው ጥቂት ነበር። ተጠቃሚውን ከምልልሱ ያዳነው የፋይሉ ቅርጽ ሳይሆን ከፋይሉ ጀርባ የተዘረጋው አሠራር ነው። በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር የወጣው «አፕት» የተባለው መሣሪያ የጥገኝነቱን ዝርዝር አንብቦ የጎደለውን ሁሉ ከማከማቻው ራሱ ያመጣ ጀመር። በአርፒኤም በኩል «ያም» ተመሳሳይ ሥራ ሠራ፤ በ2015 በፌዶራ ላይ «ዲኤንኤፍ» ተክቶታል። እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩት ማከማቻው ውስጥ ያሉት ፓኬጆች ሁሉ እርስ በርስ እንዲስማሙ ቀድመው የተፈተኑ ሲሆኑ ነው። ይህን የሚፈጽሙት የየስርጭቱ ፓኬጅ ጠባቂዎች ናቸው። በ2023 በወጣው ዴቢያን 12 ውስጥ ከ64 ሺህ የሚበልጡ ፓኬጆች እንደነበሩ ስናስብ፣ በዴቢያን በኩል ይህ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሥራ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂዎች ልንላቸው እንችላለን፤ እንደ ዕቃ ቤት ጠባቂም ብዙ ጊዜ የሚታወሱት ዕቃ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ማከማቻው ተስማምቶ እንዲቆይ ሲባል በውስጡ ያሉት እትሞች ለዓመታት ሳይለወጡ ይቆያሉ። ደራሲው ትናንት ያወጣውን አዲስ እትም የሚፈልግ ሰው የሚቀጥለውን የዴቢያን እትም መጠበቅ ግድ ይለዋል። ለደራሲውም ቢሆን አንዱን ፕሮግራም ለዴቢያን፣ ለኡቡንቱ፣ ለፌዶራና ለሱሴ፣ ለዚያውም ለየእትማቸው፣ ለየብቻ ማሰር አድካሚ ነው። የሊኑክስ ከርነል ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በ2014 በዴቢያን ጉባኤ ላይ ቀርቦ ይህን በምሬት ተናግሯል። ለውኃ ጠላቂዎች የሚያገለግለውን ሰብሰርፌስ የተባለ ፕሮግራሙን ለዊንዶውስና ለማክ አዘጋጅቶ ማሰራጨት የሚቻል ሲሆን ለሊኑክስ ግን ከስርጭቶቹ ብዛት የተነሣ እንዳስቸገረ ገልጿል። የሊኑክስ አባት ለሊኑክስ ፕሮግራም ማሰራጨት ከከበደው፣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሠራውን ፕሮግራም ለጓደኞቹ ለማዳረስ ቢቸገር አይደንቅም። ይህ ቅሬታ እውነተኛ እንደሆነ መቀበል አለብን። የአሮጌው አሠራር ወዳጆች፣ እኛንም ጨምሮ፣ ቅሬታውን ለረጅም ጊዜ አቃለን አይተነዋል።

ለቅሬታው ሦስት መልሶች ተሰጥተዋል። አፕኢሜጅ በ2004 «ክሊክ» በሚል ስም ከተጀመረ ሥራ የመጣ ነው። አንድ ፕሮግራም አንድ ፋይል ነው፤ መጫን አያስፈልገውም፤ ከፍላሽ ዲስክ ላይ ይሠራል። በመግቢያችን ላይ ያነሣነው ተማሪ የጠየቀው በትክክል ይህን ነው። የማዘመኑን ኃላፊነት ግን የሚወስድ የለም፤ ተጠቃሚው አዲሱን ፋይል ራሱ ካላመጣ አሮጌው ባለበት ይቀራል። (ምንም አይፈልግም የተባለው ይህ ቅርጽም ቢሆን ጥገኝነት አላጣም። ኡቡንቱ 22.04 «ፊዩዝ» የተባለውን ላይብረሪ የቆየ እትም ሳይጭን ስለሚመጣ፣ በዚያ ላይ የተመሠረቱ አፕኢሜጆች ላይብረሪው ተፈልጎ እስኪጫን ድረስ አይነሡም።)

ፍላትፓክና ስናፕ በሰፊው የታወቁት በ2016 ነው። ፍላትፓክ በሬድ ሃት በነበረው በአሌክሳንደር ላርሰን የተጀመረ ሲሆን ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን መሠረት «ረንታይም» ብሎ ለብቻው ያስቀምጣል። ከእድሩ ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ በየሰፈሩ አነስተኛ እድር አቋቋመ ማለት ይቀላል። ስናፕ የኡቡንቱ ባለቤት የካኖኒካል ሥራ ነው። ከስክሪን ፕሮግራሞች ባሻገር ለሰርቨርም ይሆናል፤ ፕሮግራሙን የታመቀ ዲስክ አስመስሎ ያስራል። ሁለቱም ፕሮግራሙን በተከለለ ሳጥን ውስጥ በማስኬድ ያልተፈቀደለትን ፋይል እንዳይነካ ለማድረግ ይሞክራሉ። ይህ አሮጌው አሠራር በራሱ የማይሰጠው ጥቅም ነው። ነገር ግን ብዙ ፕሮግራሞች የተጠቃሚውን ፋይሎች በሙሉ ለማየት ፈቃድ ጠይቀው ስለሚመጡ፣ ሳጥኑ ክዳኑ ተከፍቶ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድስት ሲይዝ የሚሆነውን ለማየት ሁለት ታሪኮች ይበቁናል። በመጋቢት 2002 ዚሊብ በተባለው የማመቂያ ላይብረሪ ውስጥ አደገኛ ስሕተት ተገኘ። የጋራውን ላይብረሪ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች አንድ ፓኬጅ ሲታደስ አብረው ዳኑ። የዚሊብን ኮድ ወደ ራሳቸው ገልብጠው የነበሩት ግን እየታደኑ አንድ በአንድ መታረም ነበረባቸው። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2023፣ ሊብዌብፒ በተባለው የሥዕል ላይብረሪ ላይ ያው ታሪክ ተደገመ። የጋራውን እትም የሚጠቀም ስርጭት ፓኬጁን አድሶ ተገላገለ፤ ላይብረሪውን ውስጣቸው ያዘሉ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ግን የየደራሲያቸውን መልካም ፈቃድ መጠበቅ ነበረባቸው። ደራሲው ሥራውን ከተወ ቆይቶ ከሆነስ? ዕቃ ቤት ጠባቂ ከሌለ ድስቱ መቀደዱን የሚያውቀው ወጡ ሲፈስስ ነው።

አሮጌው አሠራር ከአደጋ ነፃ ነው ማለታችን አይደለም። በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ መሣሪያ እትም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ተገኝቷል። በጋራ ዕቃ ላይ የተጨመረ መርዝ ሁሉንም ቤት ሊያዳርስ ይችላል። በዚያን ጊዜ ብዙዎችን ያተረፋቸው አንድ ንቁ ባለሙያ የኮምፒዩተሩን መዘግየት ተጠራጥሮ መመርመሩና፣ ተወቃሹ የዴቢያን ዝግመት ጉዳዩ ወደ ተረጋጋው እትም እንዳይደርስ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ዝግመት ሁልጊዜ ጉድለት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

አሁን ወደ ራሳችን ሁኔታ እንምጣ። ሃያ ኮምፒዩተሮች ያሉት አንድ ቤተ ሙከራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚያደርስ መስመር ተገናኝቷል እንበል። 2 ሜጋቢት ማለት ሩብ ሜጋባይት ነው። 200 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ ፕሮግራም ሲታደስ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ለየራሱ ቢያወርድ በድምሩ 4,000 ሜጋባይት ይሆናል፤ ይህም 16,000 ሴኮንድ፣ ማለትም አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌላ ተማሪ አንድ ገጽ ለመክፈት ይቸገራል። በቤተ ሙከራው ውስጥ ያለ አንድ ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ አውርዶ ለሌሎቹ ቢያከፋፍል ግን 800 ሴኮንድ፣ ማለትም ከአሥራ ሦስት ደቂቃ ጥቂት ያለፈ ጊዜ ይበቃል። የዴብም ሆነ የአርፒኤም ማከማቻ ተራ የፋይሎች ስብስብ ስለሆነ ማንም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ «ሚረር» የተባለውን ሙሉ ቅጂ ሊያቋቁም ይችላል። ትርፍ ሃርድ ዲስክና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ይበቃዋል። ቅጂውን በሃርድ ዲስክ ጭኖ ኢንተርኔት ወዳልደረሰበት ትምህርት ቤት መውሰድም ይቻላል።

ለስናፕ ያለን ተቃውሞ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ስናፕ በኮምፒዩተራችን ላይ የሚሠራው ክፍል ክፍት ምንጭ ነው፤ መደብሩን የሚያስኬደው የሰርቨር ክፍል ግን ክፍት አይደለም፤ መደብሩም አንድ፣ የካኖኒካል፣ ነው። ከተለመደው አሠራሩ አንዱ በቀን እስከ አራት ጊዜ አዲስ እትም መኖሩን ጠይቆ ራሱን ማደስ ነው። ተጠቃሚው ዕድሳቱን ላልተወሰነ ጊዜ እንዲያቆይ የተፈቀደለት በ2022 መገባደጃ ላይ ነው። የዕድሳቱ መጠን እንዲቀንስ ለውጡን ብቻ የማውረድ ዘዴ እንዳለው፣ ለድርጅቶችም የሚሆን አማካይ ሰርቨር እንደተዘጋጀ አንዘነጋም። ሆኖም አማካዩን ሰርቨር ለማቋቋም ካኖኒካል ዘንድ መመዝገብ ያስፈልጋል። ለሚረር ግን ምዝገባ የሚጠይቅ የለም።

አንዳንዶች «መደብሩ አንድ መሆኑ ለቁጥጥር ያመቻል» ይላሉ። ክርክሩ ሚዛን አለው፤ ግን በግንቦት 2018 በዚሁ መደብር ውስጥ «2048ቡንቱ» በተባለ የጨዋታ ፓኬጅ የተደበቀ፣ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ በስውር የዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ፕሮግራም ተገኝቷል። አንድ በር መኖሩ ብቻውን በረኛው ነቅቶ መቆሙን አያረጋግጥም።

ይበልጥ ያሳሰበን ግን ምርጫው ከተጠቃሚው እጅ የወጣበት መንገድ ነው። ከኡቡንቱ 19.10 ጀምሮ ክሮሚየም የተባለውን ማሰሻ በአፕት ለመጫን ያዘዘ ሰው የሚደርሰው ዴብ ባዶ ሆኖ ስናፑን የሚጠራ ነበር። ሊኑክስ ሚንት የተባለው፣ በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ ስርጭት፣ ይህን በመቃወም በ2020 ባወጣው 20ኛ እትሙ አፕት ስናፕን በራሱ እንዳይጭን ከለከለ። በኡቡንቱ 22.04 ፋየርፎክስም በዚያው መንገድ ሄደ። ካኖኒካል በበኩሉ አንድን ማሰሻ ለየእትሙ ለየብቻ ማሰር አድካሚ መሆኑን ይገልጻል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ዴብ ያዘዘ ሰው ዴብ ሊሰጠው፣ ካልሆነም የለም ሊባል ይገባል። ቅር የሚለን ምናልባት ኡቡንቱን ስለምንወድ ይሆናል። በ2004 ሲጀመር ስሙን ከአፍሪካ ቋንቋ የወሰደ፣ እስከ 2011 ድረስ ማውረድ ለማይችል ሰው የመጫኛ ሲዲ ያለ ክፍያ በፖስታ ይልክ የነበረ ስርጭት ነው። የቀጭን መስመርን ችግር ከማንም ቀድሞ የተረዳ ድርጅት ነበር።

ፍላትፓክን በተመለከተ አቋማችን ለዘብ ያለ ነው። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ለመጫን የሚወርደው ረንታይም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሚሆን ተጠቃሚውን ያስደነግጣል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፕሮግራም ያንኑ ሲጋሩ ግን ሸክሙ ይቀልላል። ፍላትሃብ ትልቁ መደብሩ ቢሆንም ማንም የራሱን መደብር ሊከፍት ይችላል፤ ፌዶራም የራሱ አለው። ፕሮግራሙን ከነረንታይሙ በፍላሽ ዲስክ ላይ አድርጎ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒዩተር የሚያዘጋጅ ትእዛዝም አብሮት ይመጣል። ይህ ለእኛ ከብዙ ውበት ይልቅ ይመዝናል።

የመደብሮች መብዛት የኃላፊነቱን ጥያቄ አይዘጋውም። በ2025 መጀመሪያ ላይ የቪዲዮ መቅጃው ኦቢኤስ ስቱዲዮ አዘጋጆች፣ ፌዶራ በራሱ የፍላትፓክ መደብር ያቀረበው ፓኬጅ በትክክል እንደማይሠራና ተጠቃሚዎች ወቀሳውን ለእነርሱ እንደሚልኩ በመግለጽ ጉዳዩን በሕግ እስከመጠየቅ እንደሚሄዱ አስጠንቅቀው ነበር። ኋላ ላይ ነገሩ በስምምነት አልቋል። ሁለቱም ወገኖች የተጠቀሙት አንድ ዓይነት ቅርጽ ነው፤ የተጣሉት ፓኬጁን ያሠረው ማን ነው፣ ሲበላሽስ የሚጠየቀው ማን ነው በሚለው ነው።

እንግዲህ ምርጫችንን እንናገር። የሥርዓቱን መሠረት፣ የጋራ ላይብረሪዎችንና የቤተ ሙከራ ኮምፒዩተሮችን በዴብ ወይም በአርፒኤም፣ ከአገር ውስጥ ሚረር ጋር ማስኬድ ይሻላል። ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ አንድ ሁለት ፕሮግራም ሲያስፈልግ ፍላትፓክን እንጨምራለን። ለአንድ ቀን ሙከራ ወይም ጓደኛ የሠራውን ፕሮግራም ለማየት አፕኢሜጅ ይበቃል፤ ከማን እንደመጣ እስከታወቀ ድረስ። ስናፕን የራሱ ሰርቨር ላለውና የካኖኒካልን ድጋፍ ለሚፈልግ ድርጅት እንተወዋለን፤ መደብሩን ሌላም ሰው ሊያቋቁመው የሚችልበት ቀን ከመጣ ሐሳባችንን ለመለወጥ ዝግጁ ነን።

አንድ ነገር እንጨምር። ይህን ጽሑፍ በፊደላችን ለመጻፍ በዴቢያን ላይ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽና በላቲን ሆሄያት እየጻፍን ፊደሉን የሚያወጣልን «ኤም17ኤን» የተባለው የመጻፊያ ስብስብ። ሁለቱም በዴቢያን ማከማቻ ውስጥ በተራ የዴብ ፓኬጅነት ይገኛሉ። ሁለቱም በሳጥን ውስጥ ታሽገው ለብቻቸው የሚሠሩ አይደሉም፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ የሚገለገሉባቸው የጋራ ዕቃዎች ናቸው። ፍላትፓክ ይህን ስለተረዳ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ከውጭ ያሉትን የፊደል ቅርጾች እንዲያይ መስኮት ከፍቶለታል። መስኮቱ የሚያሳየው ግን በዋናው ሥርዓት ላይ የተጫነውን ብቻ ነው። ፍላትፓክ የሚጠቀም ጓደኛችን በአማርኛ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ታዩኝ ካለን፣ በቅድሚያ የምንጠይቀው አቢሲኒካን በአፕት ጭኖ እንደሆነ ነው።